ራስ ምታት

ነፍሰ ጡሯ ሳታስፈቅድ ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ በመሄዷ አማቷ ጎትታ ልትመልሳት ተከትላት መጣች። ገና ከበሩ ጀምራ፣ ተራ በሚጠብቁት ሴቶች ፊት ትሰድባት ጀመር።

«በዓለም ላይ ያረገዘች እሷ ብቻ ናት። ቤቱ ሥራ ሞልቶታል፣ እሷ ሆዷን ልታስነካ እዚህ ተጎልታለች።»

ምራቷ ተራዋ ደርሶ ስትገባ አማቷም ማንም ሳይጠራት አብራት ገባች።

አዋላጅ ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች። ደግማ ለካችና ፊቷ ተለወጠ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል።»

«ግፊትሽ በጣም ከፍ ብሏል። አምቡላንስ እጠራለሁ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል መግባት አለብሽ።»

«የትም አትሄድም» አለች አማቷ፣ የምራቷን ክንድ ጨምድዳ ይዛ። «ራስ ምታት ነው ሆስፒታል የሚያስኬድ? የእኔዋ ልጅ ውዳላት ሆዷ እንዲህ ገፍቶ ራሷን ሲፈልጣት፣ ዓይኗ ሲጨልምባት፣ እንስራ ተሸክማ ውኃ ትቀዳ ነበር። የሴት ወግ ነው፣ ቻዪው አልኳት። ቻለችው።»

«ታዲያ በሰላም ተገላገለች?» ስትል ነርሷ ጠየቀች።

አማቷ የያዘችውን ክንድ ለቀቀች።

«ሳትገላገል ከነሆዷ ቀበርናት።»

አምቡላንሱ ሲመጣ ቀድማ የገባችው እሷ ነበረች። የምራቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ሾፌሩን ተቆጣችው።

«ምን ትንፏቀቃለህ፣ ንዳው እንጂ።»