ከዶዘሩ ሆድ የወጣው ውሃ

«እንደገና አንሣው» አለ መካኒኩ ዳኘው።

ነጂው ክንዱ ከመቀመጫው ሆኖ ዘንጉን ሳበ። የዶዘሩ አካፋ ከሐይቁ ዳር ጭቃ ትንሽ ከፍ አለና ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም የዛቀውን ደንገል እንደያዘ ቀስ እያለ ተመልሶ ወረደ። የሃይድሮሊክ ፓምፑ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል አጓራ።

«በቃ፣ አጥፋው።»

ጓድ አገርነሽ እጆቿን ካኪ ኮቷ ኪስ ከታ ከመንገዱ ጠርዝ ቆማለች። ከአዲስ አበባ የተላከች የመንገድ ፕሮጀክቱ ካድሬ ናት። ከኋላዋ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጠባቂ አለ። ነሐሴ ተጋምሷል፤ ይህ የጣና ዳር መንገድ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ካልደረሰ የሚጠየቅ ሰው መገኘት አለበት። እሷም ያንን ሰው ልትወስድ ነው የመጣችው።

«አሻጥር ነው» አለች። «አሻጥረኛውን ብቻ ንገረኝ። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ዳኘው የብሎን መፍቻ ቁልፉን አነሣ። የክንዱን ስም ለመጥራት ግን ምላሱን እየበላው ነበር።

በሚያዝያ ስብሰባ ላይ ክንዱ ተነሥቶ ጣቱን በዳኘው ታናሽ ወንድም በአምሐ ላይ ቀሰረ፤ «ወረቀት ሲበትን አይቻለሁ» አለ። አምሐ የዚያኑ ዕለት ተወሰደ። በሰኔ፣ ስንቅ ይዛ እስር ቤት የሄደች እናታቸው «ከእንግዲህ አታምጪ» ተባለች፤ በቃ ይኸው ነው። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፣ ድንኳን የለ። ከዚያ ወዲህ ዳኘውና ክንዱ አንድ ጋራዥ እየዋሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

ዳኘው ከዶዘሩ ስር ገብቶ የዘይት ቋቱን የታች ብሎን ፈታ። ዘይት ሲጠብቅ ኩልል ያለ ውሃ ቀድሞ ወረደ። ተከትሎ የመጣው ዘይት እንደ አጓት ነጥቷል። በጣቶቹ መካከል አሸው፤ ቅባትነቱ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ዘይት ፓምፑን ቢበላው ምን ይገርማል። ዝናብ ይሆናል ብሎ ወጣና የቋቱን ክዳን ከፍቶ አየ፤ በደንብ ተጠብቆ ነበር፣ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማም ደህና ነው። እንግዲያው ውሃውን የጨመረ ሰው አለ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

«እስቲ ተነሥ» ብሎ ክንዱን ከመቀመጫው አስነሣው። ከመቀመጫው ስር፣ ከጨርቅ ክምር ኋላ፣ አፏ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ትንሽ ጀሪካን አገኘ። እጀታዋ ላይ ጥቁር ማተብ ታስሯል። ጸበል ናት። በየስብሰባው «እግዜር የለም» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው ክንዱ ለካስ ጸበል ይዞ ሲዞር ኖሯል። ዳኘው ሳቁ መጣ፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ዝግ ብሎ።

«ዳኘው፣ በማርያም…»

«ማርያምን ከመቼ ወዲህ አወቅሃት?»

ክንዱ ወደ ካድሬዋ ሰረቅ አድርጎ አየ። «ከደሴቱ ገዳም ነው ያስመጣሁት። ጠዋት ጠዋት ከዘይቱ ጨመርሁበት።»

«ብረት ይታመማል?»

«በሰኔ ሌሊት ጠርተው ጉድጓድ አስደፈኑኝ፣ በዚሁ ዶዘር። ሰዎቹ… ውስጡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘንጉን በያዝሁ ቁጥር እነሱ ይታዩኛል። ከውጭ ብረጨው ሰው ያየኛል፤ ከሆዱ ቢገባ ይነጻል ብዬ ነው።»

ዳኘው በእጁ የያዘውን ቁልፍ ጨበጠ። «አምሐ ነበረበት?»

ክንዱ አንገቱን ደፋ። «አረንጓዴ ሹራቡን አውቄዋለሁ።»

ከታች የአገርነሽ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት? ምን አገኘህ?»

«የት ነው?» አለ ዳኘው ዓይኑን ከክንዱ ሳይነቅል።

«መጀመሪያ ከዚች ሴት እጅ አውጣኝ። አብረውኝ የነበሩት ዘምተዋል፤ ቦታውን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።»

ዳኘው በዕድሜው እንደዚያች ደቂቃ ሰው ጠልቶ አያውቅም። ቁልፉን ግንባሩ ላይ ቢያሳርፍለት ምንኛ በወደደ። ግን እናቱ ትዝ አለችው፤ ጎረቤት እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ የምታለቅሰው እናቱ። ጀርባውን ለካድሬዋ ሰጥቶ በካቻቢቴ የክዳኑን ጎማ ቀደደው። አዲስነቱ እንዳይታወቅ በዘይት የጨቀየ አውራ ጣቱን ቅዳዱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። ጀሪካኗን ወደ ቦታዋ መለሰና ወረደ።

«ዝናብ ነው፣ ጓድ። ይኼ ጎማ ተቀዷል። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲያስገባ ከርሞ ዘይቱን አበላሸው፤ ዘይቱ ደግሞ ፓምፑን።»

አገርነሽ ጎማውን ተቀብላ ቅዳዱን በጥፍሯ ዳሰሰች።

«ክዳኑን ማየት የማን ሥራ ነው?»

ዳኘው ይህን አላሰበበትም ነበር። አብዮት ጠባቂው የጠመንጃውን ማንገቻ አስተካከለ።

«የእኔ» አለ።

«ጥሩ። እስከ እሑድ ካላስነሣኸው ረሳ ብዬ አላልፍህም፤ ሆን ብለህ እንዳደረግከው ነው የምቆጥረው።» ጎማውን ኪሷ ከተተችና ጠባቂዋን አስከትላ ወደ ላንድሮቨሯ ሄደች።

መኪናዋ ተነሥታ በአዲሱ መንገድ ወደ ከተማው ስታመራ ዳኘው ዞር ብሎ «ተናገር» አለው።

ክንዱ በስብሰባው ላይ የቀሰራትን ያችኑ ጣት አነሣ። ዳኘው በዓይኑ ተከተላት። ከመንገድ ዳር ከቆመው ዋርካ ወዲህ ያለውን፣ ክንዱ በዚሁ ዶዘር በሐምሌ ደልድሎ የጨረሰውን፣ ዳኘው በየጠዋቱ ወደ ሥራ የሚመጣበትን መንገድ ነበር የምታሳየው። የአገርነሽ ላንድሮቨር በላዩ እያለፈች ነበር።