አረንጓዴው ብስክሌትና አማካሪው

ነርሷ የተዛወረችበት ጤና ጣቢያ ከከተማው ዳር፣ ኮረብታ ላይ ነው። ታክሲ የሚሄደው አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና አቧራ ነው። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ አርፍዳ ኃላፊዋ በቁጣ አስጠንቅቋታል። ለሦስተኛ ጊዜ ካረፈደች ቦታዋን ለሌላ ይሰጥባታል። ስለዚህ ያጠራቀመቻትን ጥቂት ብር ይዛ የተራራ ብስክሌት ልትገዛ ቆረጠች። ልጅ ሳለች የጎረቤት ብስክሌት እየለመነች ነድታለች፤ የራሷ ግን ኖሯት አያውቅም።

ጥፋቷ ለወንድሟ መንገሯ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ኢንሹራንስ ቤት የክፍል ኃላፊ ነው። ቤተሰቡ «አማካሪው» ይለዋል፤ ማንም ሳይጠይቀው ስለሚመክር። በብስክሌት ጉዳይ ደግሞ የሚያክለው የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ውድ የተራራ ብስክሌት ገዝቷል። ከገዛበት ቀን ጀምሮ አቧራ እንዳይነካው በሸራ ሸፍኖ ዕቃ ቤት ነው የሚያስቀምጠው፤ ለማንም አያሳይም። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ግን ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን እንዴት እንደወጣው፣ ቁልቁለቱን እንዴት እንደበረረበት ይተርካል። ሚስቱ ወሬው ሰልችቷት ነው መሰለኝ፣ ገና አፉን ሲከፍት ማድ ቤት የረሳችው ነገር ትዝ ይላታል።

«ብቻሽን እንዳትሄጂ» አላት እህቱን። «እኔ እያለሁልሽ ማን ያታልልሻል?»

የመጀመሪያው ሱቅ ፎቅ ላይ ነበር። አማካሪው ደረጃው መሃል ላይ ቆሞ «እስቲ ከተማውን ልየው» አለና ትንፋሹን ሰበሰበ። ሱቁ ውስጥ ገብቶ አንዱን ጎማ በጣቱ ጫን አደረገና «ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ሱቅ ደግሞ ሻጩ ደህና ሰው ነበር።

«ትሞክሩታላችሁ?» አለ።

«ብስክሌት በዓይን ነው የሚታወቀው» አለ አማካሪው፣ እህቱ መልስ ሳትሰጥ። በሦስተኛው ሱቅ ባለቤቱን አጭበርባሪ ብሎ ሰደበውና ሁለቱም ተባረሩ።

ከሰዓት በኋላ የነርሷ እግር አብጦ፣ ሆዷ ባዶውን ሆኖ፣ ያገለገለ ብስክሌት የሚሸጥበት አንድ ቆርቆሮ ቤት ደረሱ። ባለ ሱቁ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላል። አልተነሳላቸውም።

ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ ብስክሌት አቧራ ጠጥቶ ቆሟል። ነርሷ መቀመጫውን በእጇ ጠረገችው።

«ይሄስ ስንት ነው?»

የነገራት ዋጋ አቅሟ የሚችለው ነበር። ወንድሟ ሳያያት ወጣችበት። ግቢውን አንዴ ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ማርሹ ታዘዘላት፣ ፍሬኑ ያዘላት። ስትመለስ ጥርሷ አልከደን ብሏት ነበር።

አማካሪው ጎንበስ ብሎ ጎማውን መረመረ። ከዚያ ቀና አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አየሽ ይሄን? አዲስ ጎማ ላይ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ላስቲኮች ገና አልረገፉም። ያልተነዳ ብስክሌት ያገለገለ ብሎ የሚሸጥ ማነው? የተሰረቀ ነው!»

ባለ ሱቁ ግን ሰምቷል። «ጌታዬ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። አንዲት ሴትዮ ናቸው ያመጡት። ቤት አጣበበብኝ አሉ፤ ገዛኋቸው። ሰባት ወር አለፈው።»

«ሴትዮ!» ሳቀ አማካሪው። «የተራራ ብስክሌት ይዛ የምትዞር ሴትዮ! ሰማሽው?»

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አለች ነርሷ።

አልሰማትም። ዙሪያውን እየተሽከረከረ እንከን ይቆጥር ጀመር። «ክብደቱ የብረት አልጋ ነው። ቀለሙ ዓይን ያማል። የእኔን ብታዪው! ፍሬኑን ነካ ስታደርጊው ቀጥ ነው የሚለው። ባለፈው ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ ውሻ ጥልቅ አለብኝ፤ ይሄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምታስታምሚው እኔን ነበር። መጀመሪያ ብር አውጥቶ የገዛው ሰውዬ ራሱ የለየለት ሞኝ ነው።»

«ጋሼ» አለች ነርሷ። በዕድሜዋ ድምጿን ከፍ አድርጋበት አታውቅም። «ሰኞ ሥራ እገባለሁ። በአንተ ምርጫ ከሆነ ጡረታዬ ይደርሳል። ይሄን ነው የምወስደው።»

አማካሪው ተቆጣ። ንዴቱን በባለ ሱቁ ላይ ተወጣው፤ ፖሊስ እጠራለሁ፣ ሱቅህን አሳሽጋለሁ አለ። ባለ ሱቁ የኦቾሎኒውን ገለባ ከጭኑ ላይ አራገፈ።

«ከዋጋው ልቀንስላችሁ፤ ብቻ ይሄን ሰውዬ ይዘሽልኝ ሂጂ፣ እህቴ» አላት።

በተረፋት ብር ቁልፍ ገዛችበት።

መንገድ ላይ ልትወጣበት ስትል ወንድሟ መሪውን ያዘ።

«ቆይ! መጀመሪያ እኔ ቤት እንወስደዋለን። ከእኔው ጎን አቁመን እናስተያየዋለን። ያኔ እውነተኛ ብስክሌት ምን እንደሚመስል በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ከጸጸተሽም ነገ እንመልሰዋለን።»

ራሱ እየገፋ ሄደ። ፔዳሉ በየእርምጃው ቅልጥሙን እየመታው፣ ስለ ብረት ዓይነት፣ ስለ ሞላ፣ ስለ ሻጮች ተንኮል ሲያስተምራት ቤቱ ደረሱ። ላብ አጥምቆት ነበር። የነርሷ ዓይን ብስክሌቷ ላይ ነው።

ሚስቱ በሩን ከፈተች። ብስክሌቱን አየች። ባሏን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ!» አለች። «ብስክሌትህን መሸጤን ዛሬ ነው ያወቅኸው?»