የጫማው ቅርጫት

ልጇ እጁን ወደ ቅርጫቱ ሲሰድ፣ አሮጊቷ በር ጠባቂ ቀድማ ተቀመጠችበት። ሰባኪም ጸሎትም በሌለበት በዚህ የሉሳካ የጽሞና ቤት፣ የገባው ሰው በጫማው እንዳይታወቅ ጫማ ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ተከቶ በቺቴንጌ ጨርቅ ይሸፈን ነበር።

"እማዬ፣ ተነሺ! ሚስቴ እዚህ ካለች ጫማዋን አውቀዋለሁ።"

"ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ አልናገርም።"

"ለወለድሽው ልጅ?"

"ለወለድኩትም። ደግሞ ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ተቀምጧል።"

"እግዜር የማይጠራበት ቤት ዘበኛ ሆነሽ ቅሪ!"

አሮጊቷ ኮሌታውን ይዛ ወደ ታች ሳበችውና ጆሮው ሥር አንሾካሾከች።

"ባለፈው ወር እዚህ ገብተህ ስትንሰቀሰቅ፣ ጫማህን የሸፈንኩት በዚሁ ጨርቅ ነው። ለማን ነገርኩብህ?"

ልጇ ሰው ሰምቶ እንደሆነ ደንግጦ ግራ ቀኙን አየ። እጁንም ሰበሰበ። እሷ ግን ከቅርጫቱ አልተነሳችም።