የማን እጅ ነው?

አሮጊቷ የመጀመሪያዋን ማንኪያ የድንች ሾርባ ዋጥ ሲያደርጉ ፊታቸው ፈካ። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሰሞኑን ደግሞ ምግብ የሚባል ነገር አላስጠጋ ብለው ቤቱን ሲያስጨንቁ ነበር የከረሙት። "ይሄ የልጄ እጅ ነው!" አሉ። "ልጄ መጥታለች እንዴ?"

ሾርባውን የሠራችው ማንኪያውን የያዘችው ምራታቸው ነበረች። ሽንኩርቱ ሳይጠቁር፣ ድንቹ ሳይፈርስ፣ ወተቱ መጨረሻ ላይ ጠብ እያለ የሚገባበትን አሠራር ከራሳቸው ከአሮጊቷ፣ ከነቁጣቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ተምራዋለች። ልጃቸው ከአራት ዓመት በኋላ ገና አሁን መግባቷ ነው፤ ሻንጣዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

"አዎ እማዬ፣ እኔ ነኝ የሠራሁልሽ" አለች ልጅቷ፣ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ።

ምራትየዋ ወደ ባሏ ዞረች። ጠዋት ድንቹን ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያወራ ነበር፤ አንዲት ቃል ቢተነፍስላት ይበቃት ነበር። እሱ አቀርቅሮ ዳቦውን መቁረስ ጀመረ።

"ተባረኪ የኔ ልጅ" አሉ አሮጊቷ፣ የልጃቸውን እጅ ዳብሰው እየያዙ። "ይቺ ሴትዮማ የድንች እጣቢ ስታጠጣኝ ኖረች። ኧረ እንዳትሰማኝ፣ እዚህ አለች እንዴ?"

"የለችም እማዬ" አለ የምራትየዋ ባል። "ወጣ ብላለች።"

ምራትየዋ ሁለተኛዋን ማንኪያ እፍ እፍ ብላ አቀዘቀዘችና፣ ድምፅ ሳታሰማ ወደ አሮጊቷ አፍ አስጠጋች።