የይርጋነሽ ጣት

መምህሩ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አስከድነው፣ «ሰውየው ከወንዙ ለምን ተመለሰ? ለመለሰ ይህን መዝገበ ቃላት እሸልማለሁ» ሲሉ አካለ ወልድ ከማንም ቀድሞ ተነሣ። ከሞጣ ወደ ቢቸና ትምህርት ቤት መጥታ ወንበሩን የተጋራችው ይርጋነሽ እንዳትቀድመው ሲል ምንባቡን እንደ ዳዊት ሸምድዶት ነበር። እሷ ግን አንድ ጊዜ አንብባ የገባትን በራሷ አፍ ታወራዋለች፤ አንጀቱን የሚያሳርረውም ይኸው ነበር።

የቆሎ ተማሪ ሳለ እንደለመደው ዐይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ፣ ምንባቡን ከመጀመሪያው በቃሉ ያወርደው ጀመር።

«ቁም እንጂ! የጠየቅሁህ አንዲት ነገር ናት» አሉት መምህሩ።

«እደርስበታለሁ፣ የኔታ። ከላይ ካልጀመርሁ አይመጣልኝም።»

«እስኪደርስ ስንቅ እንቋጥር!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

በሳቁ መሐል ክርኑን ነካ አደረገችው። ይርጋነሽ መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ገልጣ፣ መልሱ ያለበትን መስመር ቀለም በነካው ጣቷ ይዛለት ነበር። መስመሩን ሲያየው መልሱ ከምላሱ ጫፍ ደረሰ። «እሷ ሰጥታኝ?» አለ በልቡ።

«አላውቀውም» ብሎ ተቀመጠ።

«እሺ ይርጋነሽ፣ አንቺስ?» አሉ መምህሩ።

ጣቷን ከመስመሩ ሳታነሣ፣ «እኔም አላውቀውም» አለች።

በዚህም በለጠችው።