የማርስ ገደል

«ያቺ ልጅ ለአሜሪካ ካርታ ትልካለች» የሚለውን ወሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ሲደጋግመው ከርሞ፣ ዛሬ «ማስረጃ» ያለውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ልጅቷ ከውጭ አገር በፖስታ ለምትማረው የፕላኔቶች ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ለመጨረሻው ፈተና የተላከላት የማርስ ገደል ፎቶ ነበር። ያለ እሱ ፈተናውን መሥራት አትችልም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማርስ ነው እኮ! እስቲ አንድ ዛፍ፣ አንድ ጎጆ ያሳዩኝ።»

«ድርቅ ነዋ!» አላትና በር ላይ ተራ የሚጠብቁትን፣ ከቆላው ከአልዩ አምባ የመጡትን ሽማግሌ ነጋዴ ጠራ። «አባቴ፣ ቆላውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ይሄ የት ነው?»

ሽማግሌው ፎቶውን ገለበጡት፣ መልሰው አቃኑት። ጣታቸው በገደሉ ጠርዝ ቀስ እያለ ወረደ። የሰው ጣት ማርስ ላይ ሲሄድ በማየቷ ልጅቷ ለአፍታ ፍርሃቷን ረሳች። ጣቱ ቆመ።

«ይሄማ ከአንኮበር በታች ያለው ቁልቁለት ነው» አሉ።

«አባትሽ ወዳጄ ስለሆነ አልከስሽም» አለ ሊቀመንበሩ፤ ፎቶውን ቀዳዶ ከሰል ማንደጃው ውስጥ ጨመረው።

ሽማግሌውን ደጅ ላይ ጠብቃ ያዘቻቸው። «አባባ፣ ዕድሜ ልክዎን የወረዱበት ቁልቁለት እንዲያ ነው?»

«መንግሥት ‹የት ነው?› ሲል ‹እንጃ› ይባላል እንዴ ልጄ?» አሉ ዙሪያቸውን እያዩ። «ወላሂ፣ እንዲያ ያለ አገር በዐይኔ አይቼ አላውቅም።»