የጋለ ብርሌ ቀለም

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ አመለወርቅ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የምድጃው ጉርምርምታ በሩ ላይ ተቀበላት።

ባሏ ይርዳው ብርሌ ነፊ ነው። ዓይኑ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ሲሆን፣ የቀለጠውን ጠርሙስ ቀለም የምትነግረው እሷ ናት። ብርቱካን ሲመስል ይነፋል፤ ነጭ እንደሆነ ካወጣው ግን እግሩ ላይ ይፈሳል።

ዱቄቱን ጥላ ሮጠች። «አንተ ሰው! ተቃጠልክ?»

ይርዳው ቧንቧውን ከአፉ አነሳ። አመዱ ውስጥ አራት ብርሌዎች ተደርድረዋል፤ አንዱም አንገቱ አልተጣመመም።

«ቀለሙን ማን ነገረህ?»

«ጉንጬ ነዋ። ሙቀቱን ያውቀዋል፤ ከመጀመሪያውም።»

«ታዲያ እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አስለፈለፈኝ?»

«ካልጠየቅኩሽ ጎረቤት ትውያለሽ፤ ማን ያናግረኛል?»

ከጎኑ ቆመች። «በል ንፋ፤ ብርቱካን መስሏል» አለችው።

እስከሞተበት ሰኔ ድረስ ቀለሙን ነገረችው።